በ92 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ፦ ጎጃም ላይ ለክራፍት ቢራ የጠመቃ መሣሪያ እንዴት ይመረጣል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን፣ በወራት ውስጥ ደግሞ 120 ብርን አለፈ። ማሽን ከውጭ ለማስመጣት ላሰበ ሰው የ50,000 ዶላር ዕቃ ከ2.85 ሚሊዮን ብር ተነሥቶ ከ6 ሚሊዮን ብር በላይ ሆነበት። በአንጻሩ ቀድሞ ረጅም ወረፋ ያስጠብቅ የነበረው ዶላር፣ ብሩ በእጁ ላለ ሰው ከበፊቱ ይልቅ የሚገኝ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ አነስተኛ የቢራ ጠመቃ ለመጀመር የሚያስብ የባሕር ዳር ወይም የደብረ ማርቆስ ባለሆቴል አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ "የቻይና ይሻላል የጀርመን?" የሚል ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጊዜው ግን ገና ነው። የአምራቾች ካታሎግ ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት፣ መብራት ለማይቆራረጥበት፣ ባለሙያ በስልክ ተጠርቶ በማግስቱ ለሚደርስበት አገር የተዘጋጀ ነው። ጎጃም ከእነዚህ በአንዱም አይመሳሰልም። ስለዚህ ምርጫው ከቦታው ተነሥቶ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑም ወደ አምራቹ መሄድ አለበት። በተቃራኒው የሄደ ሰው ዋጋውን የሚያውቀው ዕቃው ከተተከለ በኋላ ነው።

ስለ ምን እየተነጋገርን ነው?

ክራፍት ቢራ የሚባለው ከትልልቅ ፋብሪካዎች ውጭ በአነስተኛ መጠን፣ በጠማቂው የራሱ አዘገጃጀት የሚሠራ ቢራ ነው። አገራችን የፋብሪካ ቢራን የምታውቀው ቅዱስ ጊዮርጊስ ከተመሠረተበት እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ነው። እዚያው ጠምቆ እዚያው የመሸጥ ሥራም አዲስ አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጋርደን ብሮይ በጀርመን ዘዴ ሲሠራ ቆይቷል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከከለከለ ወዲህ፣ ለትንሽ ጠማቂ ከሁሉ የሚሻለው ማስታወቂያ ደንበኛው ፊት ለፊት የሚያየው የራሱ ታንክ ሆኗል።

ብሪውሃውስ የሚባለው ብቅሉ ከሙቅ ውሃ ጋር ተደባልቆ፣ ተጠልሎ፣ ፈልቶ ለእርሾ እስኪዘጋጅ ድረስ ያለውን ሥራ የሚሠራው የመሣሪያ ክፍል ነው። ጠላ የሚያውቅ ሰው ሂደቱን በቀላሉ ይከተለዋል፤ ብቅልም ድፍድፍም አለ፤ ልዩነቱ ቢራ ላይ የሚቦካው ድፍድፉ ራሱ ሳይሆን ከድፍድፉ ተጠልሎ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ መሆኑ ነው። ይህ ፈሳሽ ዎርት ይባላል። ድፍድፉ የሚዘጋጅበት ታንክ ማሽ ተን፣ የሚጠለልበት ላውተር ተን፣ ዎርቱ የሚፈላበት ኬትል፣ ከፈላ በኋላ እየተሽከረከረ ዝቃጩ መሐል ላይ የሚከመርበት ደግሞ ወርልፑል ነው። በአነስተኛ ጠመቃ ሁለት ሁለቱ ሥራ በአንድ ታንክ ይጠቃለላል። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ማለትም ዎርቱ ከእርሾ ጋር የሚቦካበት ታንክ (ፈርመንተር)፣ ማቀዝቀዣውና የማረፊያ ታንኩ "ቀዝቃዛው ወገን" ይባላል።

ከፍታው የሚያመጣው ጣጣ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጅባራ ከዚያ ትበልጣለች፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይፈላል። ባሕር ዳር በ94፣ ደብረ ማርቆስ በ92 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። ሽሮ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ መዘግየት ነው። ለቢራ ግን ስምንቱ ዲግሪ ከባድ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ሆፕ ነው። ሆፕ ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጥ የሐረግ አበባ ነው፤ ምሬቱ የሚወጣው ግን በማፍላት ጊዜ ውስጡ ያለው አሲድ ቅርጹን ሲለውጥ ብቻ ነው። የዚህ ለውጥ ፍጥነት ሙቀቱ በወረደ ቁጥር ይወርዳል። በ92 ዲግሪ የሚሠራው በ100 ዲግሪ ከሚሠራው ግማሽ ያህሉን ነው፤ በ94 ዲግሪ 60 በመቶ ገደማውን። ሁለተኛው ምክንያት ብቅሉ ላይ ያለ ነገር ነው። በቀላሉ የደረቀ፣ ቀለሙ የነጣ የፒልስነር ብቅል ሲፈላ ዳይሜቲል ሰልፋይድ የሚባል፣ የተቀቀለ በቆሎ ወይም ጎመን የሚመስል ሽታ ይፈጥራል። በደንብ ከፈላ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ተኖ ይሄዳል። ሙቀቱ ሲያንስ ግን የሚፈጠርበት ፍጥነት ከግማሽ በታች ስለሚወርድ፣ በአንድ ሰዓት ማፍላት ያላለቀው ሽታ ዎርቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ መፈጠሩን ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚያወጣው እንፋሎት የለም።

መፍትሔው ላይ ጠማቂዎች አይስማሙም። አንዳንዶች ሆፑን መጨመር ይበቃል ይላሉ፤ ሆፕ ግን በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው፤ የሽታውንም ችግር አይነካም። ሌሎች ኬትሉን ዘግቶ በመጠነኛ ግፊት ማፍላትን ይመርጣሉ። ትልልቅ ፋብሪካዎች ይህን ያደርጉታል፤ በትንሽ ቤት ግን የግፊት መቆጣጠሪያውና የደኅንነት ቫልቩ ዋጋውንም አደጋውንም ከፍ ያደርገዋል። ሦስተኛው መንገድ ጠንከር ብሎ የደረቀ ብቅል መርጦ ማፍላቱን ወደ 90 ደቂቃ ማራዘም ነው። በእኔ አስተያየት ለጎጃም የሚሻለው ይኸኛው ነው፤ ኬትሉ ግን ለዚህ ሥራ የሚበቃ የሙቀት ኃይል እንዲኖረው ከመጀመሪያው መታዘዝ አለበት። ለአምራቹ የሚቀርበው ጥያቄ "ያፈላል ወይ?" ሳይሆን "በሰዓት ስንት በመቶ ያተናል?" ነው። ለአነስተኛ ኬትል 8 በመቶ አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው።

ከፍታው ሌላም ቦታ ይነካል። ለመፍላት የተቃረበ ዎርት በፓምፕ ሲሳብ መግቢያው ላይ ወደ እንፋሎት ስለሚለወጥ ፓምፑ ይንኳኳል፣ መፍሰሱም ይቆራረጣል። ይህ ካቪቴሽን ይባላል፤ ፓምፑን በቶሎ ይበላዋል። ስለዚህ ፓምፑ ከታንኩ ወለል በታች ሆኖ፣ ቧንቧው አጭርና ሰፊ ሆኖ መሠራት አለበት። አንዳንድ አምራቾች ፓምፑን ለማጽዳት እንዲመች ከፍ አድርገው ይሰቅሉታል፤ ይህ ባሕር ጠለል ላይ ይሠራ ይሆናል።

የኤሌክትሪክ ሞተርም መደበኛ አቅሙ የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል አቅም ይቀነስለታል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ 14 በመቶ ገደማ ይሆናል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ጀነሬተር ደግሞ እዚያ ኃይሉን ከአምስት አንድ እስከ ሩብ ሊያጣ ይችላል። የተጻፈበትን ኪሎዋት አምኖ የገዛ ሰው መብራት በጠፋ ጊዜ ማቀዝቀዣው እንደማይነሣ ያየዋል።

የማረፊያ ታንክም አይቀርለትም። የግፊት መለኪያ የሚያነበው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ የአየሩ ግፊት 0.75 ባር ያህል (ባሕር ጠለል ላይ 1 ባር ገደማ ነው) ስለሆነ ቢራው ውስጥ ያንኑ ያህል ጋዝ ለማስገባት መለኪያው ላይ ሩብ ባር መጨመር ያስፈልጋል። ለ1 ባር ብቻ የተሠራ ፈርመንተር "ለማረፊያም ይሆናል" ተብሎ ሲሸጥ ይህ ስሌት መጠየቅ አለበት። በተለይ እንደ ማረፊያ የሚያገለግለው ታንክ ለ2 ባር ተሠርቶ፣ በግፊት ተፈትኖ ቢመጣ ይመረጣል።

ከፍታው የሚሰጠው ነገርም አለ። የደብረ ማርቆስና የእንጅባራ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ የማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰር ከቀላል አየር የሚያጣውን ከቅዝቃዜው በከፊል ይመልሳል። ባሕር ዳር ላይ ግን የቧንቧው ውሃ ራሱ ለብ ያለ ስለሆነ ዎርቱን በቧንቧ ውሃ ብቻ ለላገር (በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ለሚቦካ ቢራ) ወደሚሆነው 10 ወይም 12 ዲግሪ ማውረድ አይቻልም። ሁለት ደረጃ ያለው ሙቀት መለዋወጫ ወይም የቀዘቀዘ ውሃ ታንክ ያስፈልጋል።

እሳቱ ከየት ይምጣ?

የ1,000 ሊትር ኬትልን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። 1,000 ሊትር ከ20 ዲግሪ ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 84 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ከዚያ በሰዓት 8 በመቶ፣ ማለትም 80 ሊትር፣ ለማትነን ሌላ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ወደ ውጭ የሚባክነው ሙቀት ሲጨመርበት አንድ ጥምቅ 150 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ይህን በኤሌክትሪክ ለመሥራት 90 ኪሎዋት ማሞቂያ ቢገጠም በ380 ቮልት 137 አምፔር ገደማ ይስባል። ብዙውን ጊዜ ይህ ማለት የራስ ትራንስፎርመር ማለት ነው፤ ትራንስፎርመሩ የሚገኝበት ጊዜና ወጪ ደግሞ ከማሽኑ ዋጋ ጋር አብሮ ካልታሰበ ዕቅዱ ገና ከጅምሩ ይዛባል።

ኤሌክትሪክን የሚደግፉ ሰዎች ታሪፉ ከናፍጣ አንጻር ዝቅተኛ መሆኑን፣ ንጹሕና ለመቆጣጠር ቀላል መሆኑን ያነሣሉ። ትክክል ናቸው፤ እስከ 500 ሊትር ለሚደርስ ጠመቃ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ማፍላቱ መሐል ላይ መብራት ሲጠፋ ግን 90 ኪሎዋት በጀነሬተር መተካት አይቻልም፤ ጀነሬተሩ መያዝ ያለበት ፓምፑን፣ መቆጣጠሪያውንና ማቀዝቀዣውን ብቻ ነው። ዎርቱ ይዘገያል እንጂ አይበላሽም፤ እየቦካ ያለ ፈርመንተር ግን ሙቀቱ ካመለጠ ሙሉው ጥምቅ ይሄዳል።

ከ1,000 ሊትር በላይ ከሆነ እንፋሎት ይሻላል። ቦይለሩ በናፍጣ ወይም በእንጨት ሊሠራ ይችላል። ጎጃም ባሕር ዛፍ አለው፤ በአዊ በኩል ደግሞ ገበሬው ለከሰል ብሎ የሚተክለው ዲከረንስ አለ። እንጨቱ ከተተከለ ደን የሚመጣ እስከሆነ ድረስ ሊታሰብበት የሚገባ አማራጭ ነው፤ ነገር ግን እሳቱን የሚከታተል የሠለጠነ ሰው፣ ለቦይለሩ የለሰለሰ ውሃና በየጊዜው የሚደረግ ፍተሻ ይፈልጋል። ኬትሉን በቀጥታ በእሳት ማሞቅ ከሁሉ ርካሽ ነው፤ ዎርቱን ታች ላይ ማሳረሩ ግን በተለይ ፈካ ያለ ቢራ ላይ ይታወቃል።

ብቅል፣ በቆሎና ጌሾ የታንኩን ቁጥር ይወስናሉ

ሁለት ታንክ ወይስ ሦስት? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በዋጋ ነው። መመለስ የነበረበት ግን በጆንያው ውስጥ ባለው እህል ነው።

የአገራችን ብቅል ፋብሪካዎች፣ አሰላም፣ ጎንደርም፣ ደብረ ብርሃን ያለው ቡርትማልትም፣ በዋናነት የሚያመርቱት ለትልልቅ ፋብሪካዎች ላገር የሚሆን ነጣ ያለ ብቅል ነው። በዚህ ብቅል ብቻ ለሚሠራ ሰው ማሽ ተንና ላውተር ተን በአንድ፣ ኬትልና ወርልፑል በአንድ ሆነው ሁለት ታንክ ይበቃሉ። 1,000 ሊትር መደበኛ ቢራ 180 ኪሎ ግራም ገደማ ብቅል ይጠይቃል፤ ማጥለያው ወለል በካሬ ሜትር 175 ኪሎ ያህል እንዲይዝ ከታሰበ የታንኩ ስፋት 1.15 ሜትር ዲያሜትር ይሆናል። ጠንካራ ቢራ ለመሥራት ያሰበ ሰው ለ250 ኪሎ የሚሆን ወለል ማዘዝ አለበት። ጠባብና ረጅም ላውተር ተን በፎቶ ያምራል፤ ድፍድፉ ግን ጥልቀቱ ሲበዛ ይጠቀጠቅና አላጠልል ይላል።

ወጪ ለመቀነስ በቆሎ መጨመር ቢታሰብ ነገሩ ይለወጣል። ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምና ሜጫ የበቆሎ አገር ናቸው፤ ሐሳቡ ከቦታው የሚነሣ ነው። የበቆሎም የጤፍም ስታርች ግን ብቅሉ በሚሠራበት 65 ዲግሪ በደንብ አይበስልም፤ ለብቻው ሞቆ፣ ተማስሎ፣ ወፍሮ ከዚያ ነው ከብቅሉ ጋር የሚገናኘው። ለዚህ ማማሰያና ማሞቂያ ያለው ሦስተኛ ታንክ ይፈለጋል። ሦስተኛውን ታንክ አሁን ሳይገዙ ቦታውንና የቧንቧ መጋጠሚያውን ብቻ ማዘጋጀት ብልህነት ነው።

ጌሾ ሌላ ታሪክ ነው። አንዳንድ ሰው ሆፕና ጌሾ አንድ ይመስሉታል። አይደሉም፤ ሆፕ ሐረግ ነው፣ ጌሾ ቁጥቋጦ ነው፤ የሁለቱም ምሬት የሚመጣው ከተለያየ ንጥረ ነገር ነው። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ከቡናው ጋር የሚበቅለውን ጌሾ ተጠቅሞ የጎጃም ጠባይ ያለው ቢራ ለመሥራት የሚመኝ ጠማቂ ቢኖር ደስ የሚል ነገር ነው፤ በዚህ ዓይነት ሙከራ ነው ክራፍት ቢራ ከፋብሪካው የሚለየው። መሣሪያው ግን ለዚያ መዘጋጀት አለበት። ወርልፑል የተሠራው ተፈጭቶ ለተጠቀጠቀ ሆፕ ነው፤ የጌሾ ቅጠልና እንጨት መሐል ላይ አይከመርም፣ ተንሳፎ ወደ ቧንቧው ይገባል፣ ሳህኖቹ ጥቂት ሚሊሜትር በሚራራቁት ሙቀት መለዋወጫ ውስጥ ይሰነቀራል። ከኬትሉ ቀጥሎ ተነቃይ የወንፊት ማጣሪያ ማስገጠም ትንሽ ወጪ ነው፤ በትእዛዙ ላይ ካልተጻፈ ግን አይመጣም።

መጠኑን የሚወስነው ኬትሉ አይደለም

"የ1,000 ሊትር ፋብሪካ" ሲባል ሰው የሚያስበው ኬትሉን ነው። በዓመት የሚመረተውን ግን የሚወስነው የፈርመንተሩ ብዛትና ቢራው የሚቆይበት ጊዜ ነው። አራት ባለ1,000 ሊትር ፈርመንተሮች ያሉት ቤት በሁለት ሳምንት የሚደርስ ኤል (ሞቅ ባለ ሙቀት ቶሎ የሚቦካ ቢራ) ቢሠራ በዓመት እስከ 104,000 ሊትር ያወጣል። በእነዚያው ታንኮች አምስት ሳምንት የሚፈልግ ላገር ቢሠራ ከ40,000 ሊትር ብዙም አያልፍም። ኬትሉ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው፤ አብዛኛውን ቀን ባዶውን ይቆማል።

ስለዚህ ገንዘቡ ለጠበበው ጀማሪ ባለ500 ሊትር ብሪውሃውስ ከባለ1,000 ሊትር ፈርመንተሮች ጋር ቢገዛና በቀን ሁለት ጊዜ ቢጠምቅ ይሻለዋል። ሁለቴ መጥመቅ ጉልበትና ረጅም ቀን ይጠይቃል የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው። ቢሆንም የሰው ጉልበት በብር ይከፈላል፣ ብረቱ በዶላር።

የጎጃም ገበያ አንድ ወጥ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት መጠጥ የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ በጥር ሠርግና ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ፍላጎቱ በአንዴ ይነሣል። ይህን የሚያስተናግደው ትልቅ ኬትል ሳይሆን ቀዝቅዞ የሚያቆይ ተጨማሪ ማረፊያ ታንክ ነው። የታንኩ ሽፋን ከ80 እስከ 100 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፖሊዩሬቴን ከሆነ መብራት ቢጠፋም ቅዝቃዜው ለሰዓታት ይቆያል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ አሜሪካዊ አምራች መጠኑን በበርሜል ይገልጻል፣ አንድ በርሜል 117 ሊትር ነው። አውሮፓዊው በሄክቶ ሊትር ይገልጻል፣ ይህም 100 ሊትር ነው። ከዚህም በላይ የታንኩ ጠቅላላ መጠንና በውስጡ የሚሠራው የቢራ መጠን ይለያያሉ፤ ፈርመንተር ለአረፋው ከ20 እስከ 25 በመቶ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ሁለት ዋጋ ከማወዳደር በፊት ሁለቱም ስለ አንድ ዓይነት ሊትር እንደሚናገሩ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ቻይና፣ አውሮፓ ወይስ እዚሁ?

ጀርመን ውስጥ ባምበርግ የሚገኘው ካስፓር ሹልትዝ ከ1677 ጀምሮ የጠመቃ መሣሪያ የሚሠራ ቤት ነው። እንዲህ ያለ አምራች ዋጋው ውድ ነው፤ ከዕቃው ጋር ግን የተፈተነ ንድፍና ዓመታት የሚሻገር መለዋወጫ ይመጣል። የቻይናው ሥራ በብዛት የተሰበሰበው በሻንዶንግ ግዛት በጂናን ከተማ ነው። ዋጋው በጣም ይለያል፤ አንዳንዱ የራሱ ፋብሪካ ያለው ነው፣ አንዳንዱ ከሌላ ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። "የቻይና ዕቃ አይረባም" የሚለው አነጋገር ከአሁኑ እውነታ ጋር አይሄድም፤ ጥሩ የተጻፈ ዝርዝር የያዘ ገዢ ከጂናን ጥሩ ታንክ ያገኛል። "ሁሉም አንድ ነው፣ ርካሹን ግዛ" የሚለውም እንዲሁ ያሳስታል። ዝርዝር ያልጻፈ ገዢ የሚላክለት አምራቹ የመረጠለት ነው።

በዝርዝሩ ላይ መኖር ያለበት እንዲህ ነው። ብረቱ 304 የሚባለው የማይዝግ ብረት ይሁን፤ ክሎሪንና ጨው የሚበዛበት ቦታ ላይ ሞሊብዲነም የተጨመረበት 316 ይመረጣል። ብየዳው በአርጎን ጋዝ፣ ከውስጥ በኩልም ጋዝ እየተነፋበት ይሠራ፤ አለዚያ የብየዳው ጀርባ ይጠቁርና ባክቴሪያ የሚደበቅበት ይሆናል። የውስጡ ልስላሴ ከ0.8 ማይክሮ ሜትር ሸካራነት አይብለጥ። ብየዳው ካለቀ በኋላ በአሲድ ታጥቦ መከላከያ ገጽታው ይመለስ። መጋጠሚያዎቹ በሙሉ አንድ ዓይነት ስታንዳርድ ይሁኑ፤ ግማሹ ትራይ ክላምፕ፣ ግማሹ የጀርመን ዲን ከሆነ አንድ ጎማ በጠፋ ቁጥር ሥራ ይቆማል። በሙቅ ውሃ ታጥቦ የተዘጋ ታንክ ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ሊጨማደድ ይችላል፤ ስለዚህ ከግፊት ማስተንፈሻው ሌላ አየር ማስገቢያ ቫልቭ የግድ ነው።

በተሞክሮ የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ ታንኩ ሳይሆን በላዩ ላይ የተሰካው ነገር ነው፦ የሙቀት መለኪያው፣ የቫልቭ ሽቦው፣ የፓምፑ ማኅተም፣ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው። እነዚህ አዲስ አበባ ገበያ ላይ የሚገኙ ብራንዶች እንዲሆኑ በትእዛዙ ላይ ስማቸው መጻፍ አለበት። የሁለት ዓመት ጎማና ማኅተም ከማሽኑ ጋር አብሮ መምጣት አለበት፤ ሙሉ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ግን ለጀማሪ አልመክርም፤ በእጅ የሚዞር ቫልቭ የሚጠግነው ሰው ደጀንም ይገኛል።

የአገር ውስጥ ሥራስ? የወተትና የጭማቂ ታንክ የሚሠሩ ጥሩ በያጆች አሉን። የሙቅ ውሃ ታንክ፣ መቆሚያ መድረክ፣ የብቅል ማጠራቀሚያ፣ ቧንቧና መወጣጫ እዚሁ ቢሠራ ዶላርም ይቆጥባል፣ የሚጠግን እጅም ይፈጥራል። ግፊት የሚሸከመውን ታንክ፣ የላውተሩን ማጥለያ ወለልና ሙቀት መለዋወጫውን ግን የግፊት ሙከራ ሰነድ ሊሰጥ ከሚችል አምራች መግዛት ይሻላል። ያገለገለ ዕቃ ከአሜሪካ የሚያስመጣ ሰው ደግሞ እዚያ መብራቱ 60 ኸርዝ፣ እዚህ 50 ኸርዝ መሆኑን ይወቅ፤ ሞተሩ ከስድስት አንድ እጅ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ቮልቴጁም አይገጥምም።

ፍሳሹ

ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይረሳል። አነስተኛ ጠመቃ አንድ ሊትር ቢራ ለማውጣት ከአምስት እስከ አሥር ሊትር ውሃ ይፈጃል፤ አብዛኛው ስኳር፣ እርሾና የማጽጃ ኬሚካል ይዞ ይፈሳል። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው፤ በእምቦጭም የተጎዳ ነው፤ እምቦጭን የሚመግበው ወደ ሐይቁ የሚገባው ንጥረ ነገር ነው። ባሕር ዳር ላይ ፍሳሹን ሳያክም ወደ ቦይ የሚለቅ ጠመቃ ሊኖር አይገባም። ቢያንስ ፍሳሹ የሚጠራቀምበት፣ አሲዱና አልካሊው የሚመጣጠንበት ገንዳ ከማሽኑ ጋር በአንድ በጀት ይያዝ። አተላው ችግር የለውም፤ ከብት የሚያደልብ ሰው ደጅ ድረስ መጥቶ ይወስደዋል።

ውሉ፣ መንገዱና የመጨረሻው ክፍያ

የተለመደው አከፋፈል ሲታዘዝ 30 በመቶ፣ ከመጫኑ በፊት 70 በመቶ ነው። ይህ ማለት ዕቃው መርከብ ላይ ሲወጣ ገዢው በእጁ ምንም የመደራደሪያ ገንዘብ የለውም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ካናዳ ውስጥ የታወቀ አንድ የጠመቃ መሣሪያ አምራች ሲከስር፣ በየአገሩ ያሉ አነስተኛ ጠማቂዎች የከፈሉትን ቀብድ አጥተዋል። ስም ያለው አምራች መምረጥ ብቻ እንደማይጠብቅ ይህ ያሳያል። የሚጠብቀው በባንክ የሚከፈት ሌተር ኦፍ ክሬዲት ነው፤ ባንኩ የሚከፍለው የተስማሙበት ሰነድ ሲቀርብ ብቻ ነው። ከሰነዶቹ መካከል የገለልተኛ መርማሪ ሪፖርት እንዲኖር ማድረግ ይቻላል።

የታንኩን ስፋት መንገዱም ይወስነዋል። የኮንቴይነር ውስጣዊ ወርድ 2.35 ሜትር ነው፤ ከዚያ የሰፋ ታንክ ልዩ ጭነት ይሆናል። ከጅቡቲ በሚሌ፣ በወልድያና በወረታ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባ መንገድ አለ፤ በአዲስ አበባ በኩል የሚመጣው ደግሞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ይወጣል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዶችን በየጊዜው እየዘጋ ስለሆነ፣ የመድረሻ ቀን በውሉ ላይ ሲጻፍ ዕቃው አዲስ አበባ ወይም ሌላ ቦታ የሚቆይበት ወጪ የማን እንደሆነ አብሮ መጻፍ አለበት። የውጭ ተካይ ባለሙያም አልመጣም ሊል ይችላል። ለዚህ የሚረዳው ዕቃው ሳይጫን በፊት የራስን በያጅና ኤሌክትሪሽያን ወደ አምራቹ ልኮ፣ ሙሉው መስመር ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ተገጥሞ በውሃ ሲሞከር እንዲያዩ ማድረግ ነው። ሁለት የአውሮፕላን ትኬት ውድ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ኢንተርኔት ቢቋረጥም ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ አለ።

ከዋጋው ከ5 እስከ 10 በመቶው በቦታው ላይ እስከሚደረግ ፈተና ድረስ ሳይከፈል እንዲቆይ መደራደር ያስፈልጋል። ፈተናው ቀላል ነው። ኬትሉ ውስጥ 1,000 ሊትር ውሃ ይሞላል፤ ደብረ ማርቆስ ከሆነ በ92 ዲግሪ እስኪፈላ ያለው ደቂቃ ይመዘገባል፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈላና የቀረው ይለካል። 80 ሊትር ያህል ከቀነሰ፣ ፓምፑም ሳይንኳኳ ወደ ወርልፑል ካሻገረው፣ የቀረው ክፍያ ይለቀቃል።